ቀላል ጠመንጃ በባሌ ተራሮች

ከሻሸመኔ ተነሥተው በኮፈሌ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዙ እንደ ሆነ፣ መንገዱ ቀስ በቀስ ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት አውጥቶ የገብስና የስንዴ አገር ውስጥ ያስገባዎታል። ዶዶላንና አዳባን አልፈው ዲንሾ ሲደርሱ ከባሕር ወለል በላይ 3100 ሜትር ያህል ወጥተዋል፤ ካፖርትዎን ከሻንጣ ሳያወጡ ቢቀሩም ነፋሱ ራሱ ያስታውስዎታል። በስተ ደቡብ የሰነቴ አምባ 4000 ሜትር ላይ ተዘርግቷል፤ በእርሱም ላይ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4377 ሜትር ይደርሳል። ከታች ጽድና ኮሶ፣ ከዚያ በላይ አስታ፣ ከአስታው በላይ ጅብራና ድንጋይ ነው። ይኸን አገር በአውቶቡስ መስኮት ብቻ አይተው ወደ ጎባ ያለፉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ዛሬ ላጫውትዎ የምፈልገው ግን ከመኪና ወርዶ በእግር ስለሚታየው ባሌ፣ ይልቁንም በዚያ ዳገት ላይ ስለሚያዝ አንድ ቀላል ጠመንጃ ነው።

የተራራው ጌታ የደጋ አጋዘን ነው፤ ፈረንጆች የተራራ ኒያላ ይሉታል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ቢሆን መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ያሉት ከፍተኛ ተራሮች ብቻ ናቸው። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው፣ ሳይንስ ግን የተዋወቀው ዘግይቶ ነው፤ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 አድኖ የወሰደውን ናሙና ይዞ፣ ሪቻርድ ላይዴከር የተባለው ሊቅ በ1910 የሳይንስ ስም አወጣለት። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ቁጥሩ ስለ ተመናመነ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋና ምክንያቶቹ ይኸው አጋዘንና ቀይ ቀበሮው ነበሩ፤ ፓርኩም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

በፓርኩ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። ከፓርኩ ውጭ ግን እንደ ኦዶ ቡሉና ሀንቶ ያሉ ለአደን የተከለሉ ሥፍራዎች ተቋቁመዋል፤ በእነዚህም አደን በፈቃድና በቁጥር ነው። አንድ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ አንድ ያረጀ ወንድ አጋዘን እንዲገድል ይፈቀድለታል። ይኸ ነገር ተገቢ ነው አይደለም እያሉ በየሻይ ቤቱ የሚከራከሩ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን ያየሁትን ልናገር፤ ጥያቄው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆመው ከጠመንጃው አፈሙዝ ላይ ነው። የተፈቀደው አንድ ነው፤ አቁስሎ ቢያመልጠው በአዳኞች ደንብ እንደ ገደለ ይቆጠርበታል፤ ሌላ አይተካለትም። እንስሳውም ቁስሉን ይዞ አስታው ውስጥ ገብቶ ይሞታል፤ ለማንም ሳይበጅ ከጥቂቶቹ አንዱ ይጎድላል።

በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት የሥራ ባልደረባዬ አጎት፣ በእንዲህ ያለ ሥፍራ አዳኞችን የሚመሩ ሰው፣ ወደ ሰፈራቸው ጋበዙኝ። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ጋሼም «ጠመንጃና ፊዚክስ ዘመዳሞች ናቸው፤ መጥተህ ተመልከት» አሉኝ። ከአስፋልቱ ወጥተን ሁለት ሰዓት በፒስታ መንገድ ስንንገጫገጭ ቆይተን ከአንድ የኮሶ ጫካ ጥግ ደረስን። ሦስት ድንኳን፣ አንድ የጭቃ ማድ ቤት፣ ከምንጭ የተጠለፈ ቦይ፤ ሰፈሩ ይኸው ነበር። እንግዳው ዕድሜያቸው ስድሳ የተጠጋ አሜሪካዊ ነበሩ፤ የያዙትም ጠመንጃ ከአባታቸው የወረሱት ነው።

ይኸ ጠመንጃ በዓለም የታወቀ ነው። ዊንቸስተር የተባለው ኩባንያ ሞዴል 70 የሚለውን ጠመንጃ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ በ1952 ደግሞ ለተራራ አዳኞች ሲል ቱቦውን አሳጥሮና አቅጥኖ፣ አንዳንዱን ክፍል ከአሉሚኒየም ሠርቶ «ላባ ክብደት» የሚል ስም የሰጠውን ዓይነት አወጣ። ባዶውን ሦስት ኪሎ ያህል ነው። ጥይቱ 270 የሚባለው ነው፤ ይኸም ከ1925 ጀምሮ የቆየ ነው። ስለዚህ ጥይት ብዙ የጻፈው ጃክ ኦኮነር የተባለ አሜሪካዊ በሙያው የጋዜጠኝነት መምህር እንደ ነበረ ስሰማ፣ በመምህርነቴ ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ለመሆኑ ቀላል ጠመንጃ ለምን አስፈለገ? በሜዳ ላይ ያለ ሰው ይኸን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እዚያ ግን ከሰፈሩ ወደ ሸንተረሩ 600 ሜትር ቀጥ ያለ ዳገት አለ። በ4000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ እግር ሁለት እርምጃ ሲራመድ ሳንባ ሦስት ይጠይቃል። አምስት ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ የተሸከመ ሰው ሸንተረሩ ላይ ሲደርስ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው። ስለዚህ ተራራው ራሱ ቀላል ጠመንጃ ያዝ ይላል። ካስያዘ በኋላ ግን ዋጋውን ይጠይቃል።

ዋጋው ምን እንደ ሆነ በ9ኛ ክፍል ሒሳብ ላሳይዎ። ከዚህ ጠመንጃ የሚወጣው አረር 8.4 ግራም ሲመዝን በሴኮንድ 930 ሜትር ያህል ይበርራል፤ የሚነድደው ባሩድም ከኋላው ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱ ወደ ፊት ሲሄዱ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይረግጣል። ጠመንጃው አራት ኪሎ ቢሆን የርግጫው ኃይል 20 ጁል ገደማ ይሆናል፤ ሦስት ኪሎ ሲሆን ግን 27 ይደርሳል። ከጠመንጃው አንድ ኪሎ ቀነሱ፤ በትከሻዎ ላይ ርግጫው በሲሶ ጨመረ። ትከሻ ደግሞ ያስታውሳል፤ ሁለተኛውን ጥይት ሲተኩሱ ዓይን ሳይታዘዝ ይጨፈናል።

ሌላው ዋጋ ከቱቦው ነው። የቱቦው ጫፍ ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥይቱ ሲፈነዳ ቱቦው እንደ ክራር አውታር ይርገበገባል፤ አረሩም ከአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ርግብግቢቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ እንደ ሆነ አረሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይመታል። ቀጭን ቱቦ ግን ቶሎ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ከእንጨቱ ጋር በአንድ ጎን የሚነካካ ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ይገፋል። ወፍራም ቱቦ ይኸን ሁሉ ችሎ ዝም ይላል፤ ቀጭኑ ግን እያንዳንዱን ነገር ያሳብቃል።

ጋሼ ያዘጋጁት የመተኮሻ ቦታ ከአደኑ ሸንተረር ማዶ፣ ድምፁ አውሬውን በማያባርርበት ገደል ሥር ነበር። በ100 ሜትር ላይ ካርቶን ተተክሎ፣ በላዩ ወረቀት ተለጠፈ። ጠመንጃውም ገብስ በሞላ ሁለት ጆንያ ላይ ተጋደመ። (በባሌ አሸዋ ከመፈለግ ገብስ መሙላት ይቀላል።) እንግዳው ሦስት ተኮሱ። የመጀመሪያይቱ መሐል ላይ ነበረች፤ ሁለተኛይቱ ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ አለች፤ ሦስተኛይቱ ሰባት ሴንቲሜትር ወደ ላይና ወደ ቀኝ ሄደች። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሌላ ሦስት ተኮሱ፤ ያው ሆነ። እንግዳው «አባቴ ሲተኩስበት እንዲህ አልነበረም» አሉ። ጋሼ በትሕትና፣ ነገር ግን በማያወላውል ድምፅ፣ ሦስቱ ጥይቶች በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ውስጥ እስካልገቡ ድረስ ማንም ሰው ወደ ሸንተረሩ አይወጣም አሏቸው። እንግዳው የከፈሉት በቀን ነው፤ እያንዳንዷ ያለ አደን የምታልፍ ቀን ከኪሳቸው ናት። ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን አልተከራከሩም።

ከሰፈሩ ሰዎች አንዱ ዱካ ተከታይ የሆኑ የአርሲ ኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም «ኦቦ» እንላቸዋለን፤ እርሳቸው ደግሞ እኔን «ባርሲሳ» ይሉኛል፤ መምህር ማለት ነው። ወረቀቱን ከካርቶኑ ነቅዬ ስመጣ ሦስቱን ቀዳዳዎች አዩና በጣታቸው እየጠቆሙ «የመጀመሪያይቱ የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። የቀሩትን ሁለቱን ዳግመኛ አልተመለከቷቸውም። በተራራው ላይ ሁለተኛ ጥይት የሚተኮሰው ሮጦ በሚሸሽ አውሬ ላይ ስለ ሆነ፣ ለእርሳቸው ጠመንጃ ማለት ከቀዝቃዛ ቱቦ የምትወጣ አንዲት ጥይት ናት። ይኸን አንድ ጥያቄ ከማንኛውም የጠመንጃ መጽሐፍ ይልቅ አክብሬዋለሁ።

ሥራው የተጀመረው ከብሎን ነው። ከጠመንጃ ጋር የተጣላ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ካቻቢቴ ማንሣት አለበት ይላሉ ጋሼ። የመነጽሩን ማሠሪያ ብሎኖች ሲነኩ አንደኛው በመንገዱ መንገጫገጭ ላልቶ ተገኘ። ከሥር ደግሞ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዙ ሦስት ብሎኖች አሉ፤ የፊተኛውና የኋለኛው መጥበቅ ሲገባቸው፣ የመካከለኛው ግን ልክ መያዝ ብቻ ነው የሚገባው። ለጥንቃቄ ብሎ ሦስቱንም አጥብቆ የሚያሥር ሰው ብረቱን እንደ ቀስት ያጎብጠዋል። የእንግዳው የመካከለኛ ብሎን ከሁሉ የጠበቀ ነበር! አስተካክለው ሦስት ቢተኩሱ ጥቂት ተሻሻለ፤ ነገር ግን ሦስተኛይቱ አሁንም ወደ ቀኝ ትሸሻለች።

ያን ጊዜ እንጨቱ ከብረቱ ተለየ፤ ምሥጢሩም ተገለጠ። እንጨቱ የለውዝ ዛፍ ዘር ከሆነ ጠንካራ ግንድ የተሠራ ነው፤ እንጨት ግን ምንም ቢጠነክር ውሃ ይጠጣል። ከቱቦው ሥር ባለው ቦይ ጫፍ ላይ ፋብሪካው ሆን ብሎ የተወው ትንሽ እብጠት አለ፤ ቱቦውን ከሥር እየደገፈ ርግብግቢቱን እንዲያርቅ ነው። ይኸ እብጠት በዓመታት ብዛትና በጉም እርጥበት አብጦ፣ ከሥር መደገፉን ትቶ ከግራ ጎን ወደ ቀኝ ይገፋ ነበር። ከወደ ኋላ ደግሞ ርግጫውን የሚቀበለው የብረት ጥርስ የተቀመጠበት እንጨት ተሰባብሮ ላልቷል፤ ስለዚህ ብረቱ በእያንዳንዱ ጥይት ቦታውን ይለውጣል።

መድኃኒቱ በጎባ ሱቅ የሚገኝ ነው። ሁለቱ ክፍል ተቀላቅሎ የሚደርቀው ኤፖክሲ የሚሉት ማጣበቂያ፣ ናስትሮ፣ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ቆርቆሮ የጫማ ቀለም። አሠራሩን ልንገርዎ። የላላው እንጨት ተፍቆ ይጠራል። ብረቱ የጫማ ቀለም ይቀባል፤ ይኸ ካልተደረገ ማጣበቂያው ብረቱንና እንጨቱን ለዘላለም ያጋባቸዋል። የጥርሱ ፊትና ጎን በናስትሮ ይሸፈናል፤ ኋላ ናስትሮው ሲነሣ ጥርሱ በኋላ ፊቱ ብቻ እንዲደገፍና በሌላው በኩል ትንሽ ክፍተት እንዲኖረው ነው። ከዚያ በኋላ ማጣበቂያው ይፈስሳል፤ ብረቱ በላዩ ይቀመጣል፤ ብሎኖቹ በጣት ብቻ ይያዛሉ። ሲደርቅ ብረቱ የተኛበት ቦታ እንደ ጥርስ ሐኪም ሙሌት ልኩን ይዞ ይወጣል። የጠመንጃ ሠሪዎች ይኸን ሥራ በሞቀ ክፍል ውስጥ ይሠሩታል። እኛ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት በ3000 ሜትር ላይ ነበርን፤ ማጣበቂያ ደግሞ በብርድ አይደርቅም። ስለዚህ ጠመንጃው ማድ ቤት ገብቶ፣ ከምድጃው ሁለት ክንድ ርቆ፣ ጋቢ ለብሶ አንድ ቀን ተኩል ተኛ። ወጥ ሠሪዋ እማማ የበሽተኛ ልጅ ያህል ይጠብቁት ነበር፤ ማንም ሰው እንዳይነካው ማማሰያ ይዘው ይቆጣሉ።

ጠመንጃው እስኪድን ድረስ ሥራ ስላልነበረን ወሬው ወደ ድሮ ጠመንጃዎች ሄደ። የአገራችን ሰው የጠመንጃ ስም ሲያለምድ የሚችለው የለም። የፈረንሳዩ ግራ ውጅግራ ሆነ፤ ስናይደር ሰናድር ሆነ፤ ምንሽርም ከማንሊከር የመጣ ነው ይባላል። ስለ ማንሊከር ከተነሣ፣ የኦስትሪያው ማንሊከር ሾናወር እ.ኤ.አ. በ1903 ሲወጣ ቀላልና አጭር፣ እንጨቱም እስከ አፈሙዙ ድረስ የሚሄድ ውብ ነገር ነበር። ግን ቱቦውን እስከ ጫፉ የሚያቅፍ እንጨት በዝናብ ጊዜ እስከ ጫፉ ይገፋዋል። ከጊዜ በኋላ ብዙ ሠሪዎች እንጨትን ትተው ውሃ ወደማይጠጣ የፋይበር ሥራ የዞሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ክብደትም ይቀንስላቸዋል። መልኩን ግን አልወደድኩትም፤ የእንግዳውን የመሰለ፣ የአባት እጅ ያለሰለሰው እንጨት አይሆንም።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ በዘንግ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለው የቱቦውን ቦይ ፈቀፈቁ፤ እብጠቱንም አነሡት። መለኪያቸው የአምስት ብር ኖት ነበር፤ ኖቱን በቱቦውና በእንጨቱ መካከል አስገብተው ከጫፍ እስከ ሥር ያለምንም መያዝ ሲንሸራተት «አሁን ነፃ ነው» አሉ። የተፋቀው እንጨት እርጥበት እንዳይጠጣም ቫርኒሽ ተቀባ። ብዙዎች ሥራው እዚህ ያልቃል ብለው ያስባሉ። ስንተኩስ ግን ወደ ቀኝ መሸሹ ቢጠፋም፣ ሦስቱ ጥይቶች በስድስት ሴንቲሜትር ውስጥ ተበታተኑ፤ ሁለተኛው ሦስትም እንደዚያው ሆነ። ከቀጫጭን ቱቦዎች አንዳንዶቹ ነፃነት አይስማማቸውም፤ ጫፋቸው አጠገብ የሚደግፋቸው ነገር ይሻሉ። ጋሼ ከአሮጌ ጀሪካን የጥፍር ያህል ፕላስቲክ ቆርጠው፣ በቦይው ጫፍ ልክ መሐል ላይ፣ ቱቦውን ሁለት ኪሎ በሚሆን ኃይል ወደ ላይ እንዲደግፍ አድርገው አስቀመጡት። ካርቶን ያላደረጉት ካርቶንም እንደ እንጨት ውሃ ስለሚጠጣ ነው። ሦስት ተተኮሰ፤ ቀዳዳዎቹ በሦስት ሴንቲሜትር ውስጥ ገቡ። ቱቦው በእጅ ሲያዝ እስኪቀዘቅዝ ተጠብቆ ሌላ ሦስት ተተኮሰ፤ ያው። በ100 ሜትር ሦስት ሴንቲሜትር ማለት በ300 ሜትር ዘጠኝ ሴንቲሜትር ነው፤ ከዚህ የተረፈው ስሕተት የሰው እንጂ የጠመንጃ አይደለም።

ስለ ሰውየው ደግሞ ጥቂት ልበል። ከባድ ጠመንጃ ጆንያ ላይ አጋድመው ምላጩን ብቻ ቢስቡ ይመታልዎታል። ቀላሉ ግን እንዲህ ቢተዉት በርግጫው ይዘላል፤ ስለዚህ ግራ እጅ የእንጨቱን ፊት ይዞ ወደ ታች መጫን፣ ሰደፉም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጥንካሬ ትከሻ ላይ መቀመጥ አለበት። ምላጩም ጉዳይ ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝነውን ጠመንጃ በሁለት ኪሎ ተኩል ጉልበት የሚሳብ ምላጭ ሲጎትተው መላው ጠመንጃ አብሮ ይጎተታል። የእንግዳው ምላጭ በባለሙያ እጅ አንድ ኪሎ ከ300 ግራም ላይ የተስተካከለ ነበር። ከዚህ ማሳነስ አይገባም፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት አያውቅም። ቀጥሎ ባሉት ሦስት ጠዋቶች እንግዳው ከድንኳን ወጥተው ቡና እንኳ ሳይቀምሱ አንዲት ጥይት ብቻ ይተኩሱ ነበር። ኦቦም ወረቀቱን ተቀብለው ያያሉ። ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ፣ በሦስት ልዩ ልዩ ቀን፣ ጎን ለጎን ሰፈሩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተቀምጠውና በሆዳቸው ተኝተው፣ የጀርባ ቦርሳቸውን ተደግፈው ሰባት ጥይት ተኮሱ።

ስለ ከፍታ የሚወራው ነገር ተጋንኗል ባይ ነኝ። በ4000 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሲሶ ይሳሳል፤ አረሩም ጥቂት ያንሳል የሚለው መውደቅ፤ ነገር ግን በ300 ሜትር ርቀት ላይ ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። የበለጠ የሚያታልለው ተዳፋቱ ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ 300 ሜትር ርቆ የሚታይ እንስሳ ለአረሩ በ260 ሜትር ላይ እንዳለ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም መሬት የምትስበው በአግድሙ ርቀት ልክ ነው። ይኸን ያላወቀ ሰው ከላይ ወደ ታች ሲተኩስ በጀርባው ላይ ያሳልፈዋል። መነጽሩ በ100 ሜትር አምስት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታ ስለ ተስተካከለ፣ እስከ 250 ሜትር ድረስ ቀጥታ ደረቱን ማነጣጠር ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ትንፋሽ ካጠረው ሰው ጋር አይስማማም።

በስምንተኛው ቀን ሌሊት አሥር ሰዓት ወጣን። አስታው በውርጭ ነጥቶ፣ ሲነካ እንደ ጨው ይረግፍ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ኦቦ ተንበረከኩ፤ እኛም ተንበረከክን። ከሸለቆው ማዶ አንድ ያረጀ ወንድ አጋዘን ብቻውን ቆሟል፤ ግራጫ ቡኒ፣ በአንገቱ ላይ ነጭ ምልክት፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ተጠማዝዞ ጫፉ የነጣ። ጋሼ በመለኪያው አዩና «320» አሉ። ነፋሱ ከሸለቆው በየጊዜው ይነሣል ይተኛል። እንግዳው ጠመንጃቸውን በቦርሳቸው ላይ አመቻቹ፤ ደረታቸው ግን ከዳገቱ የተነሣ ይወጣ ይወርዳል። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን በመነጽሩ ፊት አደረጉ። አንድም ቃል አልተናገሩም። አጋዘኑ ዘወር ብሎ ቀስ እያለ አስታው ውስጥ ገባ።

እንግዳው እስከ ምሳ ድረስ አልተናገሩም። እኔም በልቤ ያ ሁሉ ማጣበቂያና ፕላስቲክ ለምን ኖሯል አልኩ። ማታ እሳት ዳር ኦቦ ያወሩን ግን ልቤን አበረደው። በአንድ ክረምት አንድ ሌላ አዳኝ በዚያው ሸለቆ ላይ ሩቅ ተኩሶ ሆዱን የመታውን አጋዘን ሁለት ቀን ተከትለውታል። ደሙን ዝናብ አጠበው። በሦስተኛው ቀን ያገኙት ጅብ የተወውን ቀንድ ነበር። «ጠመንጃው ጥሩ ነበር፤ ሰውየው መጠበቅ አልቻለም» አሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ከአንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ተኝተን ሳለ፣ ሌላ ወንድ ከሁለት እንስቶች ኋላ ከጉሙ ወጣ። ያረጀ ነበር፤ አንደኛው ቀንዱ ጫፉ ተሰብሯል። ርቀቱ 150 ሜትር። ጋሼ በዚህ ጊዜ እጃቸውን አላነሡም። እንግዳው ከተኛንበት ከሩብ ሰዓት በላይ ሆኗቸዋል፤ ትንፋሻቸው ረግቷል፤ ቱቦው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እንስቶቹ እስኪያልፉ ጠበቁ፤ ከዚያ ተኮሱ። ድምፁ በገደሉ ላይ ተንከባልሎ ሲመለስ አጋዘኑ ዐርባ እርምጃ ያህል ሄዶ ነበር፤ ከዚያ በጉልበቱ ወረደ። ኦቦ ቀድመው ደረሱ። ቁስሉን ከክርኑ በላይ በጣታቸው ለኩና ወደ እኔ ዞረው ሦስት ጠዋት ወረቀት ላይ ያዩትን ቦታ በእጃቸው በአየር ላይ ሳሉልኝ።

ሥጋው ለሰፈሩ ሠራተኞችና ከታች ላለው መንደር ተከፋፈለ፤ ቀንዱና ቆዳው ተመዘገበ። ማታ እንግዳው ጠመንጃቸውን በዘይት ሲወለውሉ የጥይት ሣጥኖቻቸውን ከፍተው ቆጠሩ። ሃያ ሃያ ጥይት የያዙ ሁለት ሣጥኖች ይዘው መጥተው ነበር። ሠላሳ አንዱ ወረቀት ላይ ሄዷል፤ አንዱ አጋዘኑ ላይ። ስምንት ቀርቷቸዋል።